ነፃ ዋይ ፋይና የእኛ ጥንቃቄ



በተቋማችን ስልክ የሌለው ሠልጣኝ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የዳታ ጥቅል ግን ኪስን ይጎዳል። ስለሆነም ቅዳሜና እሑድ ወደ ከተማ ብቅ ስንል «ዋይ ፋይ አለ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሻይ ቤት ካየን እግራችን ወደዚያው ያመራል። ለአራት ሰው ሁለት ሻይ አዘን ግማሽ ቀን እንደምንቀመጥ የሻይ ቤቶቹ ባለቤቶች ያውቁታል፤ እኛም አንክድም። ይህ ጽሑፍ ታዲያ በነፃ ዋይ ፋይ አትጠቀሙ ለማለት የተዘጋጀ አይደለም። እኛም እስከ ዛሬ እንጠቀማለን። የጽሑፉ መነሻ ባለፈው ጥር ወር በክፍላችን የደረሰው ነገር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ስናነብ፣ ስንጠያይቅና የአይ ሲ ቲ መምህራችንን ስናስቸግር ያገኘነውን ለሌላውም ማካፈል ተገቢ መስሎ ስለታየን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አንድ የክፍላችን ልጅ (ስሙ እንዲጻፍ ስላልፈለገ አንጠቅሰውም) መናኸሪያው አካባቢ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጦ ስልኩን ሲከፍት የሻይ ቤቱ ዋይ ፋይ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ አየ። አንደኛው የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሁለተኛው አይጠይቅም። በሁለቱ መካከል የትኛው እንደሚመረጥ ግልጽ ነው፤ የማይጠይቀውን ነካ። ወዲያው አንድ ገጽ ተከፈተና «ኢንተርኔቱን በነፃ ለመጠቀም የስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ» አለው። አስገባ። ቀጥሎ ደግሞ «አሁን የሚደርስዎትን ባለ አምስት አኃዝ ኮድ ያስገቡ» አለው። ኮዱ በእርግጥም መጣ። የመጣው ግን ከሻይ ቤቱ ሳይሆን ከቴሌግራም ነበር። መልእክቱ ላይ ይህን ኮድ ለማንም እንዳትሰጥ የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፏል። እሱ ግን ዓይኑ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ብቻ ስለነበር ቁጥሩን አስገባ። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ብዙዎቻችን ያንኑ እናደርግ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማታ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በእሱ ስም አንድ መልእክት ወጣ። «እናቴ ድንገት ታማ ሆስፒታል ገብታለች። የያዝኩት ብር አልበቃኝም። የቻላችሁትን በቴሌብር ላኩልኝ፤ የእኔ ቁጥር እምቢ ስላለኝ በዚህኛው አድርጉት» ይላል። ክፍላችን በችግር ጊዜ ማዋጣት የለመደ ነው። ማን ይጠይቃል? በሩብ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ሆነን 3,400 ብር ላክን። ለአንዳንዳችን ይህ የወሩ ጠቅላላ የኪስ ገንዘባችን ነበር።

አሥረኛዋ ልጅ ግን አልላከችም። ቴሌብር ገንዘቡን ከማስተላለፉ በፊት የተቀባዩን ስም በስክሪኑ ላይ ያሳያል። ስሙን ስታይ የማታውቀው ሆነባት፤ ገንዘቡን ትታ ደወለችለት። «እማማ እንዴት ናቸው?» ብትለው «ደኅና ናት፣ ዛሬ ጠዋት አውርተናል፤ ምነው?» አላት። ሌሎቻችን ከመላካችን በፊት ያልደወልነው ለምንድን ነው ብለን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሳችንን ጠይቀናል። የሰው እናት ታመመች ሲባል ማጣራት ነውር ይመስላል፤ ሌባውም የተጠቀመው በዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኛ የመካሪዎቹ ነው። ልጁ ወደ መኝታ ክፍላችን እየሮጠ ሲመጣ ሁላችንም በአንድ አፍ «ውጣ! ከቴሌግራሙ ውጣና አጥፋው!» አልነው። ወጣ፤ አጠፋው። ይህ ፈጽሞ መደረግ ያልነበረበት ነገር ነው። ቴሌግራም አንድ ሰው በአዲስ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ያ አዲስ ገቢ ከእሱ በፊት የነበሩትን ስልኮች ለማስወጣት 24 ሰዓት እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በሌላ አነጋገር፣ ሌባው ቢገባም እንኳ ለአንድ ቀን ሙሉ ባለቤቱን ማስወጣት አይችልም፤ ባለቤቱ ግን ሌባውን ያስወጣዋል። ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ «ዲቫይስስ» የሚለውን መክፈትና ከራሱ ስልክ በቀር ሌሎቹን በሙሉ የሚያስወጣውን ቀዩን መስመር መንካት ብቻ ይበቃ ነበር። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ቤቱ ሌባ ገባበት ብለን ባለቤቱን በገዛ እጃችን አስወጥተን በሩን ለሌባው ዘጋንለት። ተመልሶ ልግባ ሲል ሌባው ሁለተኛ የይለፍ ቃል አስቀምጦ አገኘው። ያንን የማያውቅ ሰው ያለው አማራጭ ሰባት ቀን ጠብቆ አካውንቱን እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ የቀድሞው መልእክት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የሁለት ዓመት የትምህርት ማስታወሻውና ከቤተሰቡ የተላኩለት የድምፅ መልእክቶች በዚሁ ሄዱ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንዴት ሊሆን ቻለ? ለመረዳት ዋይ ፋይ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ማየት ያስፈልጋል።

ዋይ ፋይ በአጭሩ ሬዲዮ ነው። ስልካችንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ሣጥን የሚነጋገሩት በአየር ነው። በገጠር ያደግን እንደምናውቀው አንድ ሰው ከወዲህ ማዶ ሆኖ ከወዲያ ማዶ ያለ ጎረቤቱን ሲጣራ፣ የሚጠራው አንድ ሰው ቢሆንም የሚሰማው ሸለቆው በሙሉ ነው። የይለፍ ቃል የሌለው ዋይ ፋይም እንደዚሁ ነው። ስልካችን የሚልከውን ሬዲዮ በአካባቢው ያለ ማንኛውም መሣሪያ ሊቀበለው ይችላል። የይለፍ ቃል ያለው ይሻላል ወይ ቢባል፣ አዎን ይሻላል፤ ግን እንደምናስበው ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተሠራበት ደብልዩ ፒ ኤ 2 የሚባለው የመመስጠሪያ ዘዴ ለቤት እንጂ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ለሚያየው የይለፍ ቃል የታሰበ አልነበረም። ያንኑ የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው፣ ስልካችን ከሣጥኗ ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ከያዘ፣ ቀጥሎ ያለውን ምስጢር ሊፈታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብልዩ ፒ ኤ 3 ይህን ቀዳዳ ደፍኗል። ሻይ ቤቱ የሰቀላት ሣጥን የትኛው እንደሆነች ግን በዓይን አይታወቅም።

እዚህ ላይ «እንግዲያስ ሁሉም ነገራችን ይነበባል ማለት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር። ድሮ እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ላይ ኤሪክ በትለር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ ፋየርሺፕ የተባለች ትንሽ ፕሮግራም ለሕዝብ ለቀቀ። ፕሮግራሟን የጫነ ማንኛውም ሰው ነፃ ዋይ ፋይ ያለበት ቤት ቁጭ ብሎ በዙሪያው ያሉ ሰዎችን የፌስቡክና የትዊተር አካውንት በስም ተደርድሮ ያይ ነበር፤ አንዱን ሲነካ በዚያ ሰው ስም ይገባል። በትለር ይህን ያደረገው ለስርቆት ሳይሆን ትልልቅ ድርጅቶች ቸልተኝነታቸውን እንዲያርሙ ለማስገደድ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ድረ ገጾች የሚመሰጥሩት የይለፍ ቃል የሚገባበትን ገጽ ብቻ ነበር፤ ከገባን በኋላ ያለው ግልጽ ሆኖ ይሄዳል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሙሉ ምስጠራን ለፈለገ ሰው ፈቀደ፤ በ2013 ለሁሉም አደረገው። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት ለማንኛውም ድረ ገጽ የምስጠራ ሰርተፊኬት በነፃ ማደል ጀመረ። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና አፕ የሚልከውን ሁሉ መስጥሮ ነው የሚልከው። አድራሻው ፊት ለፊት የሚታየው «ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ» የሚለው፣ በተለይም መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤስ»፣ ይህንኑ ታመለክታለች።

ይህን በደብዳቤ ብናስመስለው ይቀላል። ወደ አገር ቤት በአውቶቡስ ረዳት እጅ ደብዳቤ ስንልክ፣ ወረቀቱን ገልጠን ከሰጠነው ረዳቱም አጠገቡ የተቀመጠውም ያነበዋል። በፖስታ አሽገን ከሰጠነው ግን የሚያውቀው ለማን እንደተላከ ብቻ ነው። ኤች ቲ ቲ ፒ ኤስ የታሸገው ፖስታ ነው። የሻይ ቤቱ ዋይ ፋይ ባለቤት ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄድን ሊያውቅ ይችላል፤ እዚያ የጻፍነውን ግን አያነብም።

ስለዚህ በየቦታው የሚወራው «አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው የባንክ ምስጢራችሁን ከአየር ላይ ይለቅመዋል» የሚለው አባባል በአብዛኛው ጊዜው ያለፈበት ነው። የተመሰጠረውን ለመፍታት ከመድከም ይልቅ እኛው ገልጠን እንድናስረክበው ማድረግ ለሌባ ይቀለዋል። በክፍላችን ልጅ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ምንም የተፈታ ምስጢር የለም። ቁልፉን ራሱ አስረከበ።

ማስረከቢያው መንገድ የውሸት ዋይ ፋይ ነበር። የዋይ ፋይ ስም ማለት ሣጥኗ «እኔ እከሌ ነኝ» ብላ ለአየሩ የምትናገረው ቃል ነው። ማንም ሰው ስልኩን ሆትስፖት አድርጎ የፈለገውን ስም ሊሰጠው ይችላል፤ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። ኋላ ሄደን የሻይ ቤቱን ባለቤት ብንጠይቃቸው ያላቸው ዋይ ፋይ አንድ ብቻ፣ እሱም የይለፍ ቃል ያለው መሆኑን ነገሩን። ሁለተኛው የማን እንደነበረ አያውቁም። ከጎን ጠረጴዛ ወይም ውጪ ከቆመ መኪና ሊሆን ይችላል። እሳቸው አሁን ትክክለኛውን ስም በትልቁ ጽፈው ከቆጣሪው በላይ ለጥፈዋል፤ «ሌላ የለንም» የሚልም ጨምረውበታል።

ይህ ዘዴ የእኛ ከተማ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፖሊስ አንድን ሰው የከሰሰው በአገር ውስጥ በረራ ላይና በፐርዝ፣ በሜልበርንና በአደሌድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የእውነተኛውን ስም የያዘ የውሸት ዋይ ፋይ በመክፈት ነው በሚል ነበር። የተገናኙት ሰዎች የኢሜይል ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ መግቢያቸውን የሚጠይቅ ገጽ ይከፈትላቸው ነበር። አጠራጣሪውን ዋይ ፋይ ያስተዋሉት የአየር መንገዱ ሠራተኞች ነበሩ። ገጹ አውሮፕላን ውስጥ ቢከፈትም መናኸሪያ አጠገብ ቢከፈትም የሚጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር መሆኑ ገርሞናል።

እዚህ ላይ አንድ መለያ ማስቀመጥ ይቻላል። እውነተኛ የነፃ ዋይ ፋይ ገጽም አንዳንድ ጊዜ ስም ወይም ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥራችንን ለማረጋገጥም የራሱን ኮድ የሚልክ አለ። የራሱ ያልሆነውን፣ ማለትም ከቴሌግራም፣ ከባንክ ወይም ከኢሜይል የሚመጣ ኮድ የሚጠይቅበት ምክንያት ግን በጭራሽ የለውም። ስለዚህ ኮዱ ሲመጣ ከቁጥሩ በፊት የላከውን ስም እናንብብ። ላኪው ቴሌግራም ከሆነ ኮዱ የሚገባው ቴሌግራም ውስጥ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁልፏ ምልክት ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ቁልፏ ካለች ገጹ ታማኝ ነው ብለን እናምን ነበር። ቁልፏ የምትለን ፖስታው ታሽጓል ብቻ ነው፤ ተቀባዩ ሌባ አይደለም አትልም። የተቀባዩን ማንነት ለማወቅ አድራሻውን ማንበብ ግድ ነው። አነባበቡ እንደ አገራችን ስም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አበበ የሚባሉ አምስት ቢኖሩ የምንለያቸው በአባትና በአያት ስም ነው፤ የድረ ገጽም ባለቤት የሚታወቀው ከመጨረሻው ነው። «ቴሌግራም ነጥብ ኦርግ» የቴሌግራም ነው። «ቴሌግራም ነጥብ ፍሪዋይፋይ ነጥብ ኮም» ግን የፍሪዋይፋዩ እንጂ የቴሌግራም አይደለም፤ ቴሌግራም የሚለው ቃል ፊት ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። የመጀመሪያው ሰያፍ መስመር ከመምጣቱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ሁለት ቃላት ማየት ነው። እንደ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ባሉት የአገራችን አድራሻዎች ላይ ደግሞ ሦስት ቃል ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ገጹን ስንከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ስክሪኑን ከሸፈነ ደግሞ «አድቫንስድ» ብሎ ማለፍ አይገባም። ፖስታው መንገድ ላይ ሳይከፈት አልቀረም ማለቱ ነውና ዋይ ፋዩን ዘግቶ መነሣት ነው።

ሌላው ስልካችን የሚሠራው ስንፍና ነው። አንድ ጊዜ የተገናኘበትን ዋይ ፋይ ስም ያስታውሳል፤ ያንኑ ስም ክፍት ሆኖ ሲያገኝ ሳይጠይቀን ይገናኛል። ስለዚህ ከሻይ ቤት ስንወጣ «ፎርጌት» የሚለውን ነክተን ስሙን ማስረሳት፣ መንገድ ላይም ዋይ ፋዩን መዝጋት ይጠቅማል። ባትሪም ይቆጥባል፤ መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ይህም ቀላል አይደለም።

ስለ ገንዘብ ጥቂት እንበል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ቦርሳ መያዝ ትተናል። የባንኮቹና የቴሌብር አፖች የሚልኩትን ይመሰጥራሉ፤ ስለዚህ በዋይ ፋይ መክፈት በራሱ ጥፋት ነው አንልም። ነገር ግን በማናውቀው ዋይ ፋይ ላይ ሆነን የሚከፈትልን ገጽ ሁሉ ሲያጠራጥረን ከመጨነቅ፣ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ መደወል ኢንተርኔት ጭራሽ አይፈልግም፤ ዋይ ፋዩም አይነካውም። ገንዘብ ከመላካችን በፊት ደግሞ የሚታየውን ስም ማንበብ፣ ስሙ ካልተስማማ በድምፅ መደወል። የክፍላችን ልጅ ያደረገችው ይህን ብቻ ነው።

ቪ ፒ ኤን ይጫን ወይ የሚል ጥያቄ ከመኝታ ክፍሎች ደርሶናል። ቪ ፒ ኤን የምንልከውን ሁሉ በአንድ ሌላ ፖስታ ውስጥ ደግሞ አሽጎ ወደ ባለቤቱ ኮምፒዩተር ይወስደዋል። ሻይ ቤቱ አያየንም፤ የቪ ፒ ኤኑ ባለቤት ግን ሻይ ቤቱ ያይ የነበረውን ያያል። የሻይ ቤቱን ባለቤት ቢያንስ በመልክ እናውቃቸዋለን። ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪ ፒ ኤን ከመጫን ምንም አለመጫን ይሻላል ባዮች ነን። የውሸት ገጽ ላይ ኮዳችንን ብናስገባ ደግሞ ቪ ፒ ኤን አያድነንም።

በኢንተርኔት ቤትም ሆነ በተቋማችን ላብራቶሪ ኮምፒዩተር ላይ ቴሌግራም ወይም ኢሜይል ከፍቶ መሄድ ከዋይ ፋይ የባሰ ነው። በመጋቢት አንድ ቀን ብቻ በላብራቶሪው ሦስት ሰዎች አካውንታቸውን ክፍት ትተው ሄደው አገኘን። አንዱ መምህር ነበሩ። እኛ ዘግተንላቸዋል፤ አላነበብንም፤ ይመኑን።

ይህ ጉዳይ ከኪሳችን አልፎ ወደ ሥራችን የሚገባበትም ቦታ አለ። በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች እንወጣለን። የተማሪዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጆች ስልክና ማርክ ሊስት በፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም መላላክ የተለመደ ሆኗል። የአንድ መምህር ቴሌግራም ሲሰረቅ የሚሰረቀው የስልሳ ልጆችና የስልሳ ወላጆች ጉዳይ ነው። የወላጁን ስልክ፣ የልጁን ስምና ክፍል የያዘ ሌባ «ልጅዎ ታሞብናል» ብሎ ሲደውል የማያምነው ወላጅ ማን ነው? እኛ የክፍል ጓደኛችንን ድምፅ ሳንሰማ 3,400 ብር የላክን ሰዎች ነን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ማርክ ሊስት ከላኩ በኋላ ከስልክ ማጥፋት ለእኛም ለልጆቹም ይበጃል።

ገንዘባችንን በተመለከተ ለፖሊስ አመልክተናል። የሌላውን ሰው ኮምፒዩተርና አካውንት ያለፈቃድ መክፈትና ማታለል በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ሌባው ግሩፑ ላይ የጻፈውን ሁሉ አጥፍቶት ስለነበር ለማስረጃ የቀሩት የቴሌብር የግብይት ቁጥሮችና ያቺው ደዋይዋ ልጅ ያነሣችው አንድ የስክሪን ፎቶ ብቻ ናቸው። ፎቶ አንሡ፤ ከዚያ ተናደዱ። ልጁ ገንዘቡን ከራሱ እከፍላለሁ ብሎ ያስቸግረናል። አንቀበልም ብለናል፤ እሱ ግን ለሁለት ሰው በድብቅ መልሷል።

ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስቀመጥ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» ነው። ይህ ካለ ሌባ ባለ አምስት አኃዙን ኮድ ቢያገኝ እንኳ አይገባም። ቃሉ ከተረሳ መመለሻ እንዲሆን ኢሜይል መጨመር አይዘንጋ። ያልገባው ካለ የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ላብራቶሪው አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር እንገኛለን። ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ። የምታስቀምጡትን ቃል ግን እኛም ሳናይ ፊታችሁን አዙራችሁ ጻፉ።